የአባዬ ምላስ የሚያርፍበት

ሰኞ

ዛሬም ወደቀ። ሹሮው ውስጥ።

የአባዬ የታችኛው ጥርስ ማለቴ ነው። የላይኛው ምክር ቤት በቦታው ረግቶ ተቀምጧል። የታችኛው ምክር ቤት ግን ከእማዬ አርባ ወዲህ ስብሰባ ረግጦ መውጣትን ልማድ አድርጎታል። አባዬ በሁለት ጣቱ ከሹሮው መዝዞ አወጣው፣ አለቀለቀው፣ በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ እጁን ታጠበና "ተመስገን፣ ጠገብኩ" አለ። በሁለት ጉርሻ።

ለታሪክ ይመዝገብ፦ ጥርሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሮቤ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ጓሮ፣ ጄሶና ሰም በሚሸት ክፍል ውስጥ የባሌ ደጋን ድድ የማለብሰው እኔ ነኝ። በእጄ የወጣ ጥርስ ከዲንሾ እስከ ጎሮ ቆሎ ይፈጫል። አንድ የጎሮ ሽማግሌ በኔ ጥርስ የበግ አጥንት ሰብረው መቅኒ መምጠጣቸውን ሊነግሩኝ ብቻ በሚኒባስ መጥተዋል። የገዛ አባቴን ግን ጎባ ላይ ሹሮ አሸንፎታል።

መሳቅ ነበረብኝ። እማዬ ብትኖር ትስቅ ነበር።

ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ጠዋት ካፖርቱን ሲለብስ አየሁት። እሱም ማየቴን አየ። ሁለታችንም ስለ ብርዱ አወራን።

ማክሰኞ

ጥርሱን ይዤ ወደ ሮቤ ወረድኩ። በሚኒባሱ ውስጥ የአባቴን ግማሽ አፍ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ከአንድ የስንዴ ነጋዴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነጋዴው ስለ ኮምባይነር ኪራይ ሲያማርር ነበር። እኔ የያዝኩትን ቢያውቅ አፉን ይዘጋ ነበር።

የወሰድኳቸው እርምጃዎች፦
ጠርዙን ሞረድኩ።
በግራ በኩል ድዱን የሚያቅፈውን ክንፍ ትንሽ አሳጠርኩ።
ድዱ ሟሙቶ ይሆናል ብዬ አዲስ የወሰድኩትን ልክ ከድሮው ጄሶ ጋር አስተያየሁ። ያው ነው። ድዱ ከሐዘኑ ተርፏል።
ጸለይኩ። (ይህ በመመሪያው ውስጥ የለም።)

ማታ አጠለቀው። እኔን ደስ ለማሰኘት ዳቦ ገመጠ። ቀጭ አለ። "ጥሩ ነው፣ መሠረት፣ እጅሽ ይባረክ" አለኝና ምርቃቱን ሳይጨርስ ጥርሱ ተነሳበት።

የሚያናድደኝ ሲናገር መነሳቱ ብቻ አይደለም። ዝም ሲልም ይነሳል። አፉን ዘግቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የእማዬን ባዶ ወንበር እያየ ሳለ ጥርሱ ቀስ ብሎ ይነሳና ከንፈሩን ይገፋዋል። ዝም ያለ ሰውን ጥርሱ የሚያስቸግረው ምን ሆኖ ነው? ዝምታ ደግሞ ምን ቅርጽ አለው?

ያ ጥርስ እኮ እማዬ ሳለች ፍጹም ነበር። በበዓል ጥሬ ሥጋ በልቶበታል። እማዬ "ሰውዬው በልጁ ጥርስ አንበሳ ሆነ" ብላ ለሰፈሩ አውጃለች። ስታውጅም በኦሮምኛ ነበር፤ ትልቅ ነገር በኦሮምኛ ነበር የምታውጀው።

እኔ ሁለት ስም ነበረኝ። አባዬ መሠረት ይለኛል፣ እማዬ ቦንቱ ትለኝ ነበር። ከአባዬ ጋር በአማርኛ፣ ከእማዬ ጋር በኦሮምኛ፣ እነሱ ደግሞ እርስ በርስ ሁልጊዜ በኦሮምኛ። አሁን በቤቱ ያለው አንድ ቋንቋና አንድ ስም ነው።

ረቡዕ

ሐጂ አማን ሊጠይቁን መጡ። ከአጥራችን ማዶ ባለ ሱቅ ናቸው። ከአባዬ ጋር ጎረቤት ሆነው አርጅተዋል።

እማዬ ሳለች ሐጂ በበር ገብተው አያውቁም። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው "ያ ተሰማ" ይላሉ፣ አንተ ተሰማ ለማለት፤ አባዬ ከጓሮ ይመልሳል፤ ከዚያ ስለ ላም፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እገሌ ልጅ ሠርግ በኦሮምኛ ይሰዳደባሉ። እማዬ መሃል ገብታ ሁለቱንም ትሰድባለች።

ዛሬ በበር ገቡ። ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ጋሽ ተሰማ፣ እንዴት ዋሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ሐጂ?"

"አልሐምዱሊላህ። ብርዱ ጠንክሯል።"

"ጠንክሯል።"

የሁለት አገር አምባሳደሮች ድንበር ላይ ሻይ የሚጠጡ ይመስሉ ነበር። ሐጂ አማርኛን የሚናገሩት ለመንግሥትና ለሐዘን ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቃል ከመደርደሪያ አውርደው፣ አቧራውን አራግፈው ነው የሚሰጡት። አባዬም በዚያው ልክ ይቀበላል። ብርዱን ጨረሱት። ቀጥሎ ምን እንደሚጨርሱ ጠፋቸው። የአባዬ ጥርስ በዚህ መሃል ሁለት ጊዜ ተነሳ፤ ሐጂ እንዳላዩ ሆነው ጣሪያውን መረመሩ።

ስሸኛቸው በሩ ላይ ጠየቅኳቸው። "ሐጂ፣ ለምንድነው በአማርኛ ያወሩት? ድሮ እንዲህ አልነበራችሁም።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቦ... መሠረት፣ ልጄ። ሰፈሩ ተመካክሮ ነው። ኦሮምኛው የእናትሽ፣ የጫልቱ ነበር። በሷ ቋንቋ ብናወራው እሷን አናስታውሰውም? በራሱ ቋንቋ እናጽናናው አልን። ወላሂ፣ ለኛም ቀላል አይደለም።"

ይሄ ደግነት ነው። በጎባ ደግነት ሲበዛ እንዲህ ነው። ሁሉም ሰው ሌላው እንዲመቸው ብሎ ከራሱ ቤት ወጥቶ ደጅ ይቆማል፤ በመጨረሻ ሁሉም ደጅ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ሐጂን እጃቸውን ስሜ ሸኘኋቸው።

"ቦ" ብለው የዋጡትን ስም ግን ሰምቼዋለሁ። ለኔም አዝነው ነው የዋጡት።

ሐሙስ

የሮቤ ገበያ። መንገዱ በጋሪና በፍየል ተዘግቶ አርፍጄ ገባሁ። ከአባዬ ተቀብዬ ያመጣሁትን ጥርስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ካፖርቴን ሰቅዬ ስመለስ፣ ዶክተሩ አንስቶ ወደ መስኮቱ ይዞት ቆሟል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ወጣት ነው፤ ትልቅ ጃኬቱን በሥራ ሰዓትም አያወልቅም። በሱ ላይ ለመቀለድ ብዙ ዕቅድ ነበረኝ። ዛሬ ሁሉንም ሰረዝኩ።

"መሠረት፣ ይሄ ጎን ወደ ውስጥ የገባው ለምላሱ ነው አይደል?"

"ለምላሱ ነው።"

"እና ምላሱ አሁን እዚያ የለም። ወደ ፊት መጥቶ እየገፋው ነው። ስትቀርጪው አባትሽ ምን እያደረጉ ነበር?"

"እያወሩ።"

እንዲህ ነው የምንሠራው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያስለመድኩት። በታችኛው መንጋጋ ላይ ሞቅ ያለ ለስላሳ ሰም እናስቀምጥና ሰውየው ያወራል፣ ይውጣል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ያወራል። ምላስ ከውስጥ፣ ጉንጭ ከውጭ እየገፉ ሰሙን ልካቸው ያደርጉታል። ሲቀዘቅዝ ጥርሱ የሚቆምበት ቦታ ይታወቃል። በሽተኛ ዝም ብሎ "አንድ፣ ሁለት" ሲቆጥር ሰሙም ቁጥር ይመስላል፤ ስለዚህ የሚወዱትን ሰው ይዘው እንዲመጡና እንዲያወሩ እመክራለሁ።

"ከማን ጋር ነበር የሚያወሩት?" አለ ዶክተሩ።

"ከእማዬ ጋር" አልኩና ጀርባዬን ሰጥቼው ጄሶ ማቡካት ጀመርኩ። የሚቡካ ጄሶ አልነበረም።

እማዬ እዚያ ጥግ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጭኮ በላስቲክ ዕቃ ይዛ መጥታ፣ የገብሱ ዱቄትና የቅቤው ሽታ ክፍሉን ሞልቶት። ስለ ቀዪቱ ላም ይጨቃጨቁ ነበር፤ ትሸጥ አትሸጥ። አባዬ ሰሙን በአፉ ይዞ፣ እየተኮላተፈ፣ በኦሮምኛ ይሟገታል። እሷ ታሸንፋለች። ሲሸነፍ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሌላ ነገር አስቦ ይጀምራል። ሰሙ ያንን ሁሉ ያዘ። ጭቅጭቁን፣ ሽንፈቱን፣ ዝም ያለውን።

ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ መታጠቢያው መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን አፍ መረመርኩ። በአማርኛ የሆነ ያልሆነውን አወራሁና በድንገት አፌን ዘጋሁ። ምላሴ ጫፉን ከላይኛው ጥርስ ኋላ አስጠግቶ፣ ወደ ፊት ሰፋ ብሎ ተኝቷል። ከዚያ በኦሮምኛ አወራሁ። እማዬ ምግብ ስታቀርብልኝ የምትለውን፦ ኛዹ፣ ዹጊ። ብዪ፣ ጠጪ። ያቺ "ዹ" ምላስን ወደ ኋላ ቆልምማ ላንቃ አስነክታ የምታወርድ ድምፅ ናት። አፌን ዘጋሁ። ምላሴ ወደ ፊት አልተመለሰም። ሰብሰብ ብሎ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ፣ ቀጣዩን ቃል እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጠ።

ደጋግሜ ሞከርኩ። የኔ አፍ የዓለም ሁሉ አፍ አይደለም፤ ግን የአባቴ ልጅ አፍ ነው።

ዝምታም በሁለት ቋንቋ ነው ለካ። አባዬ በኦሮምኛ ዝም ሲል የተሠራን ጥርስ ይዞ በአማርኛ ዝም ብሏል። ጥርሱ አልተበላሸም። ሰው እየጠበቀ ነው።

ዓርብ

የጥበብ ሁሉ መጀመሪያ ድፍረት ነው ብዬ ተነሳሁ። ጠዋት አባዬ ሶፋው ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ተቀምጧል፤ ጥርሱን አጥልቋል። ገባሁና በእማዬ ቋንቋ፣ "አከም ቡልቴ፣ አባዬ" አልኩት። እንዴት አደርክ ማለት ነው። ለሱ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቼው አላውቅም።

የእማዬን ቀሚስ ለብሼ የገባሁ ያህል አየኝ።

"ተይው" አለ።

"አባዬ፣ ለጥርሱ ነው። ምላስህ..."

"ተይው አልኩሽ።"

ነገርኩት። ስለ ሰሙ፣ ስለ በርጩማው፣ ስለ ምላስ ማረፊያ። ባለሙያ ሆኜ፣ እጄን እያወናጨፍኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ፤ ጡረታ እስኪወጣ የግብርና ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው ነውና ረጅም ማብራሪያ መስማት ያውቃል። ከዚያ ሬዲዮውን ዘጋ።

"እኔ በናቴ ቤት ኦሮምኛ አልተማርኩም። አያቶቼ ከሰሜን ያመጡትን አማርኛ እንደ ታቦት ነበር የሚጠብቁት። እናትሽን ዲንሾ መንገድ ላይ ሳገኛት በኦሮምኛ ሰላም ማለት እንኳ አላውቅም ነበር። ውሃ ጠየቅኳት። ተሳስቼ ጠየቅኳት። በትክክል እስክለው ጣሳውን ይዛ አልሰጥም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያወራሁት ሁሉ ለሷ ነው። ለሐጂም ሳወራ እሷ እንድትሰማው ነው። አሁን ማን ሊሰማው?"

"እኔ እሰማለሁ" አልኩ።

"አንቺማ ልጄ ነሽ" አለ፤ በደግነት። ጥርሱን አውጥቶ በመሐረቡ ጠቀለለው።

ጓሮ ወጥቼ ከቀዪቱ ላም ጋር አለቀስኩ። አልተሸጠችም። እማዬ ነበረች ያሸነፈችው።

ውሳኔ፦ ነገ ወደ ሮቤ እወስደዋለሁ። አዲስ ሰም። በአማርኛ እቀርጸዋለሁ። የእማዬን ቅርጽ ከአፉ አውጥቼ የሐዘኑን ቅርጽ አስገባለሁ። ይበላ እንጂ። ቀበቶው ላይ ሌላ ቀዳዳ የሚበሳበት ቦታ አልቋል።

ይህን ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ነው ያጸደቅኩት። አንድ ድምፅ ብቻ ስለነበር።

ቅዳሜ

አባዬ ክራቫት አስሮ መጣ። ለጥርስ ሐኪም ክራቫት። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለውና እኛን ትቶን ወጣ።

ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሰሙን አሞቅኩ፣ አለሰለስኩ፣ አፉ ውስጥ አስቀመጥኩ።

"አውራ አባዬ።"

"ምን ላውራ?"

"ያሰኘህን። በአማርኛ።"

ጉሮሮውን ጠረገ። ክረምቱ እንዴት እንደነበር አወራ። የስንዴ ዋግ ዘንድሮ እንዳልበረታ። ሪፖርት ይመስል ነበር፤ ቢቆይ "ከሰላምታ ጋር" ብሎ ይፈርምበት ነበር። ከዚያ አለቀበት። ዝም አለ። ሰሙ እየቀዘቀዘ ነው። ዓይኑ ጥጉ ላይ ወዳለው በርጩማ ሄደ። ቦርሳዬን እዚያ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት።

"ቦርሳሽን አንሺው" አለ።

አነሳሁት።

ባዶውን በርጩማ አየው። ይዞት የቆየውን እጄን ለቀቀ። ከዚያ ጀመረ። በኦሮምኛ።

ለኔ አይደለም። እኔ ግድግዳው ላይ እንዳለ የጥርስ ሥዕል ሆንኩ። ቀዪቱ ላም ወተት እንደቀነሰች ነገራት። አጥሩ በሐጂ በኩል እንዳዘመመ። ልጅቱ እንደከሳች፣ ሳቋም የውሸት እንደሆነ። (እኔን ማለቱ ነው። እኔ በሱ ቀበቶ ላይ ስሰልል እሱ በኔ ላይ ይሰልል ኖሯል።) ሐጂ አማን በአማርኛ እያጽናና ሊገድለው እንደሆነ፣ ጎረቤት ሁሉ እንደ ቀበሌ ስብሰባ እንደሚያናግረው፣ ከቀብሯ ዕለት ጀምሮ ሰው አጥቶ እንደቆየ። "ሞተሽ ሄድሽ፤ እነሱም ቋንቋሽን ከኔ ወስደው አብረውሽ ቀበሩት" አላት። ይህን ሲል ድምፁ አልተሰበረም። ጥርስ ሳይኖረው፣ ሰም ተሸክሞ፣ ጥርት አድርጎ ነው ያለው። ከዚያ መልሷን እንደሚጠብቅ ሰው ዝም አለ።

ማስቆም ነበረብኝ። በአማርኛ ተብሎ ተወስኗል፤ ውሳኔው ጸድቋል። አላቆምኩትም።

ሰሙ ጠነከረ።

አውጥቼ በብርሃን አየሁት። ከድሮው ጥርስ ጎን አስቀመጥኩት። ምላሱ የሚያርፍበት ጎን ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ያው እጥፋት፣ ያው ዝንባሌ። ጠዋቱን በሙሉ ደክሜ ያንኑ ጥርስ ሠራሁ።

"ምን ሆነ?" አለ አባዬ፣ በአማርኛ።

"ምንም። ድሮም ልክ ነበር።"

ተመለከታቸው። የሰሙን እጥፋት በጣቱ ነካው። "ልክ እንደሆነማ አውቃለሁ" አለ በመጨረሻ። "እኔ ነኝ ልኬን ያጣሁት።"

ሰሙን አቅልጬ ወደ ድስቱ መለስኩት። ሰም ይቅር ባይ ነው። የድሮውን ጥርስ አጥቤ በመሐረቡ ጠቀለልኩለት። በሚኒባሱ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ አንቀላፋ፤ ክራቫቱ እንደታሰረ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ስኳር ይመዝኑ ነበር።

"ሐጂ፣ አባዬ በአማርኛዎ ሊሞት ነው" አልኳቸው።

ሚዛኑን አስቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሰሙን ነገር፣ የበርጩማውን ነገር። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

"ወላሂ? እኔኮ ከናንተ ቤት ስወጣ መንጋጋዬን ያመኝ ነበር። ለጓደኛ ሲባል ነው እንጂ ይሄ አማርኛ..." አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ ተበላሸ። "እኛ እኮ እንዲረሳ ብለን ነው።"

"አይረሳም።"

"አይረሳም" አሉ።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ጓሮ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ጥርሱ ኪሱ ውስጥ። የአጥሩ እንጨት ተንቀጫቀጨ፤ የሐጂ ኮፍያ ወጣ፣ ቀጥሎ ግንባራቸው።

"ያ ተሰማ።"

አባዬ አልዞረም።

"ያ ተሰማ። ላምህ ከስታለች። አንተም ከስተሃል። የጫልቱን ላም በረሃብ ልትገድል ነው?" ይህ ሁሉ በኦሮምኛ፤ ስሟም ሳይቀር። ሰፈሩ ከተቀበረችበት ቀን ጀምሮ በአባዬ ፊት የዋጠውን ስም በአጥር ላይ ጮክ ብለው ጠሩት።

እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። ጥፋት ሠራሁ ብዬ ነበር፤ አባዬ ተነስቶ ወደ ቤት የሚገባ መስሎኝ ነበር። ተነሳም። ጀርባውን ለሐጂ ሰጥቶ ቆመ። ሐጂ ዝም ብለው ጠበቁ፤ ይህም በኦሮምኛ ነበር፣ አሁን ለይቼ አውቀዋለሁ።

ከዚያ አባዬ መሐረቡን ከኪሱ አወጣ። ፈታው። ጥርሱን አጠለቀ። እንባው እየወረደ ፊቱን በዚያው መሐረብ ጠረገና ዞረ።

የመለሰላቸውን አልጽፍም። ባለጌ ስድብ ነው፤ በእማዬ ዘመን የሚሰደበው ዓይነት። ሐጂ በሳቅ ከአጥሩ ጀርባ ጠፉ፤ አጥሩም የባሰ አዘመመ። ሲሳደቡ ቆዩ። መሃል ላይ ሁለቱም በአንዴ ያቆማሉ። እማዬ ገብታ የምትሰድብበት ቦታ ነው። ባዶውን ያሳልፉትና እንደገና ይጀምራሉ።

ጥርሱ አልተነሳም። ሲያለቅስም አልተነሳ፣ ሲሳደብም አልተነሳ።

የሐጂ ሚስት በአጥሩ ላይ ጭኮ ላከች። ጨው በዝቶበታል፤ የእማዬን አይመስልም። አባዬ እንዲያ አለ፤ አለና በላ። ሁሉንም አይደለም። ቀበቶው አሁንም አዲሱ ቀዳዳ ላይ ነው። ገና ነው፤ ደግሞ ነገ ሊከፋው ይችላል።

ስንበላ ጣቱን ወደ ጆጉ ዘረጋ። ወደኔ ሳያይ፣ አፉ ውስጥ ጭኮ እንዳለ፣ "ቦንቱ" አለ።

እጄ ጭኮው ላይ ቀረ። እኔን ነው? ወይስ የእማዬ ድምፅ በአፉ አልፎ መሄዱ ነው? እሱም ያለውን የሰማው ከተናገረው በኋላ መሰለኝ፤ ማኘኩን አቆመ። አላረመውም።

ምላሴ በየትኛው ቋንቋ እንዳረፈ አላየሁም። ውሃውን ቀዳሁና ጣሳውን ያዝኩበት፣ ሳልሰጠው።

አባዬ አየኝ። ከዚያ በትክክል ጠየቀኝ።